ከጃቶ እስከ ሱሉልታ፤ የአርአያነት ሐረግ

አርአያ የሚለው ቃል ከግዕዝ የወረስነው ሲሆን ትርጓሜውም መልክ፣ ምሳሌ ማለት ነው። መልክ ደግሞ የሚታይ ነገር ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ለሌላው አርአያ ሆነ ስንል፣ ሊሆን አይችልም ይባል የነበረውን ነገር በዓይን በሚታይ መልክ አቀረበለት ማለታችን ነው። ማለዳ ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ሜዳ የወረደ ሰው የዚህን ቃል ፍቺ በተግባር ያገኘዋል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በዚያ ብርዳም ሜዳ ላይ ወጣቶች ተከታትለው ይሮጣሉ። ለመሆኑ እነዚህን ወጣቶች ወደዚህ ሜዳ የጠራቸው ማን ነው?

የሐረጉ ሥር የሚገኘው በሰሜን ሸዋ፣ በጃቶ ነው። በዚያ የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። በዚያን ጊዜ የአክሱም ሐውልት ተወስዶ በሮማ አደባባይ ቆሞ ነበር፤ አበበም በዚያው በኩል አልፎ ነው ለድል የበቃው። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ዳግመኛ አሸነፈ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም በዓለም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

አርአያነት በውርስ የሚተላለፍ መሆኑ ጎልቶ የታየው ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ነበር። አበበ በጉዳት ምክንያት ውድድሩን ሲያቋርጥ ሻምበል ማሞ ወልዴ ወደፊት ገስግሶ ወርቁን ለአገሩ አስገኘ። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1972 ዓ.ም.፣ «ማርሽ ቀያሪ» የተባለው ምሩጽ ይፍጠር ሞስኮ ላይ የ10 ሺህንም የ5 ሺህንም ሜትር ወርቅ ወሰደ። ያን ጊዜ በአርሲ፣ በአሰላ አካባቢ፣ አንድ የገበሬ ልጅ የምሩጽን ድል በሬዲዮ ያዳምጥ ነበር። ይህ ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ ነው። መልክ በጆሮም ሊታይ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ይሁን እንጂ ጀግናን አይቶ መመኘት ብቻውን ለድል አያበቃም፤ ምኞቱን ወደ ሥራ የሚለውጥ መምህር ያስፈልጋል። በበቆጂ ትምህርት ቤት ያስተምሩ የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በእርሳቸው እጅ አልፈዋል። ደራርቱ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትርን ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከዚያም ሁለተኛ ከወጣችው ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ከኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። የመምህሩ ስም ግን ከበቆጂ ውጭ ብዙ ጊዜ አልተነሣም ነበር።

አቴና ላይ በነሐሴ 1996 ዓ.ም. የሆነውም ሊዘነጋ አይገባውም። ቀነኒሳና ስለሺ ስኅን በ10 ሺህ ሜትሩ ውድድር መካከል ወደ ኋላቸው ዘወር እያሉ፣ ፍጥነታቸውንም ቀነስ እያደረጉ፣ ጉዳት የነበረበትን ኃይሌን ጠበቁት። ኃይሌ ሊደርስባቸው ባለመቻሉ አምስተኛ ወጣ፤ ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺም ሁለተኛ ሆኑ። ታላቅን አክብሮ ማሸነፍ እንደሚቻል ያን ቀን ታየ። ቀነኒሳ ከዚያ በኋላ በሱሉልታ የመሮጫ ሜዳ አሠራ። ይህም አርአያው ራሱ ለተከታዩ የእግር ማሳረፊያ እንዳዘጋጀለት ያህል ሊቆጠር ይገባል።

ዳሩ ግን ማለዳ ከሚሮጡት መካከል ሜዳሊያ የሚያጠልቁት ጥቂቶች ናቸው። አርአያነት በወርቅ ብቻ የሚለካ ከሆነ የቀሩት ብዙዎች ድካም ከንቱ ሊመስል ነው። ለዚህም መልስ የሚሆነን አበበ ነው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ወገቡ ሽባ ከሆነ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስከ ዐረፈበት ጊዜ ድረስ አበበነቱን በእግሮቹ ላይ ብቻ አላሳረፈም። በሰበታው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በጣታቸው ፊደል የሚያነቡት ልጆችም ይህንኑ እውነት በሌላ መንገድ ያስተምሩናል፤ ዓይን ባያይም መልክ ይታያልና።

ዛሬ ሱሉልታ፣ ቡራዩና ሰበታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ቤቱም ፋብሪካውም እየበዛ ሄዷል። ከተማ ማደጉ የሚያስከፋ ነገር አይደለም፤ ሰው መጠለያም እንጀራም ያስፈልገዋል። ሆኖም ሜዳው በግንብ ቢሸፈን የሚጠፋው ሣር ብቻ አይሆንም። ታናሽ ታላቁን ሲሮጥ በዓይኑ የሚያይበት፣ ከኋላውም ተከትሎ የሚሞክርበት ስፍራ አብሮ ይጠፋል። የአበበን ስም በሐውልትና በስታዲየም ላይ መጻፍ ተገቢ ነው። ነገር ግን ነገ ማለዳ ለሚነሣው ልጅ የሚሮጥበትን መሬት ማቆየት ከዚህም የሚበልጥ መታሰቢያ ነው።