ነጩ ጽጌረዳ
ብሩስ ኮነር፣ እ.ኤ.አ. 1967
ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ 16 ሚሊሜትር፣ 7 ደቂቃ ገደማ

ሠዓሊት ጄይ ዲፌዮ «ጽጌረዳ»ን እ.ኤ.አ. በ1958 በሳን ፍራንሲስኮ፣ ፊልሞር ጎዳና ጀመረች። ለዓመታት ቀለም እየደረበችና እየፋቀች ስትሠራ ውፍረቱ አልፎ አልፎ 28 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ከአንድ ቶን በላይ ደረሰ። በ1965 ቤቱን ልቀቂ ስትባል ሥዕሉ በበር አላልፍ አለ፤ መስኮቱ ከነግድግዳው ተቆርጦ ሥዕሉ በዚያ ወረደ። ጓደኛዋ ኮነር ዕለቱን ቀርጾ በማይልስ ዴቪስ ሙዚቃ አጀበው። ነጭ የለበሱትን ጫኞች፣ ባዶው መስኮት ላይ እግሯን ያንጠለጠለችውን ሠዓሊት ልብ ይበሉ።

ሥዕሉ በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ አርት ኢንስቲትዩት ግድግዳ ተሠርቶበት ለብዙ ዓመታት ከዕይታ ተሰወረ። ዲፌዮ በ1989 አረፈች፤ «ጽጌረዳ» ወደ ኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም የገባው በ1995 ነው።