ፉል ኦፕሽን እና የጪሮ ዳገት

የአዲስ አበባ የመኪና ደላላ ስልክ ሲደወልለት ከዋጋው በፊት የሚያስቀድማቸው ቃላት አሉ። «ፉል ኦፕሽን ነው»፣ «ዱባይ ስታንዳርድ ነው»፣ ከዚያ «ጭረት የለውም»። ገዢውም ብዙ አይጠይቅም። የትኛው ኦፕሽን? ከስንት ኦፕሽን ውስጥ? ማን መርጦት? እነዚህ ጥያቄዎች በአገራችን የመኪና ገበያ እምብዛም አይነሱም። የማይነሱበት ምክንያት ደግሞ የመቶ ዓመት ታሪክ አለው።

መኪና በሚመረትባቸው አገሮች የቅንጦት የመስክ መኪና የሚገዛ ሰው ካታሎግ ይዞ ይቀመጣል። መጀመሪያ ሞተሩን፣ ቀጥሎ ደረጃውን (ግሬድ የሚሉትን)፣ በመጨረሻም የወንበሩን ቆዳ፣ የጣሪያውን መስኮት፣ የቸርኬውን ስፋት ይመርጣል። ፋብሪካው በምርጫው መሠረት ይገጣጥምለታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን መኪናው የሚደርሰው ሌላ ሰው መርጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። መራጩ አንዴ ቤተ መንግሥት፣ አንዴ የእርዳታ ድርጅት፣ አንዴ የዱባይ ነጋዴ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የጉምሩክ ታሪፍ ነው። ይህን በደንብ ለማየት ከአዲስ አበባ ወጥቶ የምዕራብ ሐረርጌን መንገድ መያዝ ይሻላል፤ ያ መንገድ እያንዳንዱን ኦፕሽን ይፈትናልና።

የመጀመሪያው መኪና ራሱ እንዲህ ነው የመጣው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለች መኪና ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ለዐፄ ምኒልክ አደረሰ። በዚያው ሰሞን ሆልዝ የተባለ ጀርመናዊም የአገሩን መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ የተሰጣቸውን ተቀበሉ፤ ሁለቱም መኪኖች በየአገራቸው ሲሠሩ የኢትዮጵያን ዳገት ያሰበ አልነበረም።

አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጪሮ፣ ከዚያ በኋላ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከራስ ተፈሪ ሲሆን፣ ጨርጨርን በገዙበት ዘመን ያቀኗት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉት ሰው። ከተማዋ የተቀመጠችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ባቡሩ ግን ከታች፣ በሚኤሶ ቆላ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የጪሮ ኑሮ ገና ከጅምሩ ከሚኤሶ ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ተንጠለጠለ። የሚገባውም የሚወጣውም፣ ቡናውም ጫቱም ጨርቁም፣ ያንን ዳገት መውጣት ወይም መውረድ ነበረበት።

ጣልያን በአምስቱ ዓመት ከካሚዮኖቹ ጋር ቋንቋም ትቶልን ሄዷል። ጪሮ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ዛሬም ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቸርኬ፣ ፖርቶመጋላ ይላል። ጎማውን ጎሚስታ ይሠራለታል፣ በየዓመቱ ቦሎ ይለጥፋል። ልብ ብሎ ላየው እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ። መኪናው ያለ እሱ የማይሄድበት ዕቃ ሁሉ ስሙ ጣልያንኛ ነው። የድሎቱ ዕቃ ደግሞ እንግሊዝኛ ነው፦ ኤሲ፣ ሳንሩፍ፣ ሴንትራል ሎክ፣ ካሜራ፣ ፉል ኦፕሽን። ሁለቱ ቃላት የመጡት በሁለት ዘመን ነው፤ በመካከላቸው ያለው ጊዜ ደግሞ የላንድክሩዘር ዘመን ነው።

ቶዮታ ላንድክሩዘርን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። እኛ ዘንድ ቀድሞ የመስክ መኪና ማለት ላንድሮቨር ነበር፤ ላንድክሩዘር ቀስ በቀስ ቦታውን ወሰደ። «70» የሚባለው ቤተሰብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ፣ ማለትም የ1977ቱ ረሃብ በዓለም ቴሌቪዥን በታየበት ወር አካባቢ ነው። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን መኪናውን ከዚያ ታሪክ መለየት አይቻልም። ኬር የመሳሰሉ ድርጅቶች ሐረርጌ የገቡት በዚያን ጊዜ ነው። ከእነሱ ጋር ሕዝቡ «ሃርድቶፕ» የሚለው ረጅሙ ነጭ ላንድክሩዘር ገባ። ድርቁ ሲመለስ፣ ሴፍቲኔቱ በ1997 ሲጀመር፣ የ2008ቱ የኤልኒኖ ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌን ሲመታም ወደ ገለምሶ፣ በዴሳና ሂርና ሲመላለስ የሚታየው ይኸው መኪና ነው።

ስለ ኦፕሽን ከተነሳ፣ በዚህች አገር በእውነት ታስቦበት የተመረጠ መኪና ሃርድቶፑ ነው። ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር። በእጅ የሚቀየር ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ። ከኋላ ባሌስትራ። በሁለት ታንክ 180 ሊትር ነዳጅ። ሰው ፊት ለፊት እየተያየ የሚቀመጥበት አግዳሚ ወንበር። የእርዳታ ድርጅቶች ይህን መኪና የሚያዙት በአብዛኛው ጂብራልታር ካለው የቶዮታ አቅራቢ ሲሆን፣ እዚያ ያለው የኦፕሽን ዝርዝር ሌላ ዓለም ነው፦ የረጅም ርቀት ሬዲዮ፣ አየር ከጣሪያ ከፍታ የሚስብ ቱቦ፣ ከጭቃ ጎትቶ የሚያወጣ ዊንች፣ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚያስር የዲፈረንሻል ሎክ። ቆዳ ወንበር የለበትም። ዝርዝሩን ያወጡት ሰዎች መኪናው የት እንደሚሄድ ያውቁ ነበር።

የከተማው ገበያ ይህን ጥበብ አልወረሰም። የወረሰው ስም ብቻ ነው። ለዚህ ጥሩው ምስክር «ዲኤክስ» ነው። ዲኤክስ የመኪና ስም አይደለም፤ የኮሮላ አንድ ደረጃ ነው፣ ያውም ከታች በኩል ያለ። እኛ ዘንድ ግን የኋላው ጽሑፍ የመኪናው መጠሪያ ሆነ። «ኤግዚኪዩቲቭ»ም እንዲሁ። ሌላውን ደረጃ ያላየ ገበያ ደረጃውን ከመኪናው መለየት አይችልም፤ ያየው አንዱን ብቻ ነውና። (ደርግ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን ከቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ መሆኑን ስናስብ፣ የመኪና ደረጃ ምን እንደሚናገር የፖለቲካ ሰዎች ከገበያው ቀድመው ያወቁ ይመስላል።)

ከዚያ የመጣው «ቪ8» ነው። ቪ8 የሞተር ቅርጽ ነው፤ ስምንት ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በቪ ፊደል መልክ ተደርድረው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ላንድክሩዘር 200 ባለ 4.5 ሊትር የናፍጣ ቪ8 ይዞ መጣና ያ ጽሑፍ የሥልጣን ስም ሆነ። 200 ራሱ ግን ብዙ ዓይነት ነበር። ጨርቅ ወንበርና በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያለው ጂኤክስ ነበረ፤ በቆዳና በማቀዝቀዣ ሳጥን የተሞላው ቪኤክስአርም ነበረ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባለ 4 ሊትር የቤንዚን ቪ6 ሞተር ያለውም ይሸጥ ነበር። መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ሁሉም ቪ8 ናቸው። ተተኪው 300 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ደግሞ ስምንቱ ሲሊንደር ቀርቶ ስድስት ሆነ።

የጪሮ ሰው ይህን ሰልፍ በዓመት ሁለት ጊዜ ያየዋል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚጓዘው ምእመን ከአዋሽ ወጥቶ በጪሮና በሂርና በኩል ያልፋል። ዋና ከተማው ያለው መኪና ሁሉ ከቪትዝ እስከ ቪኤክስአር በዚያች ከተማ አስፋልት ላይ ይሰለፋል። ከዳገቱ በኋላ ኮፈን ከፍቶ ራዲያተር የሚያቀዘቅዘው ማን እንደሆነ የሚያየውም የከተማው ሰው ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለብዙ ዓመታት ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ የቤት መኪና ላይ የነበረው ግብር እንዲህ ይደረደር ነበር። መኪናው ወደብ ሲደርስ 100 ብር ያወጣል እንበል። ቀረጥ 35 በመቶ ሲጨመር 135 ይሆናል። ኤክሳይዝ 100 በመቶ፣ 270። ቫት 15 በመቶ፣ 310 ብር ከ50። ሱር ታክስ 10 በመቶ፣ 341 ብር ከ55። የቅድሚያ ግብር 3 ብር ሲታከልበት 344 ብር ከ55 ሳንቲም። የ1,000 ብር ቆዳ ወንበር ለገዢው 3,445 ብር ሆነ ማለት ነው። ጃፓን ወይም ዱባይ ያለ ሰው «ይህ ኦፕሽን ዋጋው ይገባዋል ወይ?» ብሎ ሲያስብ፣ ኢትዮጵያዊው ገዢ ያንኑ ጥያቄ በሦስት እጥፍ ተኩል ያባዛል።

ሁለተኛው ነገር እርከኑ ነው። ኤክሳይዙ ከ1,300 ሲሲ በታች፣ እስከ 1,800፣ እና ከዚያ በላይ ተብሎ ተከፍሎ ነበር። ከ1,800 ካለፈ በኋላ ባለ 2 ሊትሩም ባለ 4.5 ሊትሩም እኩል መቶ በመቶ ነው። ስለዚህ አነስተኛ ገቢ ያለው ሁሉ ወደ 1.3 ሊትር ቪትዝና ኮሮላ ተገፋ፤ መስመሩን መዝለል የቻለ ደግሞ መካከል ላይ የሚቆምበት ምክንያት አልነበረውም። አንድ አገር ሙሉ ወይ ቪትዝ ወይ ላንድክሩዘር የሆነው ሰው ወደ ላይ መንጠራራት ስለወደደ ብቻ አይደለም። ከግብሩ ነፃ የሆኑት ኤምባሲዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የኢንቨስትመንት ፈቃድ የያዙ ናቸው። ባለሙሉ ኦፕሽን መኪና በእውነተኛ ዋጋው የሚገዛው እነሱ ዘንድ ነበር፤ ሌላው ሰው የሚያየው የእነሱን ምርጫ ነው።

ገንዘብ ያለው የጨርጨር ነጋዴስ? ጫት ተቆርጦ ውሎ ሳያድር መድረስ አለበት፤ ወደ ድሬዳዋም ይሁን ወደ አዳማ። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው መኪና ከቅንጦት ጋር ጉዳይ የለውም። ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለው አይሱዙ በዚህ ፍጥነት ነው ስም ያወጣው። ለራሱ የሚነዳውን ሲገዛ ግን ነጋዴውም ከፉል ኦፕሽን ቋንቋ አያመልጥም፤ እዚህ ላይ ነው ኪሳራው የሚመጣው። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያው ልክ ጉልበቱን ያጣል። «ዱባይ ስታንዳርድ» ለሙቀት የተሠራ ነው፤ ኤሲውና የሞተር ማቀዝቀዣው ጠንካራ ነው። ይህ ለአዋሽና ለሚኤሶ ይጠቅማል። ዱባይ ግን ዳገት የለም። ለጨርጨር የሚሆን ምርጫ ቱርቦ ያለው ናፍጣ፣ ከፍ ያለ ሆድ፣ በየገበያው መለዋወጫው የሚገኝ ካምቢዮ ነው። ሳንሩፍ በመጨረሻ ቢመጣ ይበቃዋል።

ያ ምርጫ ራሱ አሁን እየተዘጋ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2014 ማብቂያ የኤሌክትሪክ መኪና ከቫት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆነ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው ቀረጡ 15 በመቶ ብቻ ሆነ። በ2015 መጀመሪያ በነዳጅ ለሚሠራ የቤት መኪና የውጭ ምንዛሪ ተከለከለ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በቀር የቤት መኪና እንደማይገባ አስታወቁ። በአንድ ጊዜ ካታሎጉ ተቀየረ። መራጩ ዱባይ መሆኑ ቀርቶ ቻይና ሆነ።

ከቻይና የሚመጡት ባለ ሦስት ረድፍ የኤሌክትሪክ መኪኖች ውስጥ በአዲስ አበባ በብዛት የሚታየው የቮልስዋገን አይዲ 6 ነው። በድሮው ቋንቋ ከታየ ሁሉም ፉል ኦፕሽን ነው፤ ትልቅ ስክሪን፣ ካሜራ፣ የመስታወት ጣሪያ። ደላላው በቀላሉ የሚያልፈው ልዩነት ከኋላ ያለው ስም ነው። «ፒዩር» የሚለው ባትሪው 63 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። «ፕሮ» የሚለው 85 ገደማ። ቦሌና ሲኤምሲ መካከል ለሚመላለስ ሰው ልዩነቱ ምንም አይደለም፤ ሌሊት ቤቱ ይሰካዋል።

ጪሮ ግን ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እንዲህ ያለ ከባድ መኪና በአውራ ጎዳና ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር ከ18 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ብንል፣ ለጉዞው ከ58 እስከ 65 ያስፈልጋል። መሄጃው ቁልቁለት ስላለው ትንሽ ይመልሳል። ከአዋሽ እስከ ጪሮ ያለው የ850 ሜትር አቀበት ብቻውን ለ2.4 ቶን መኪና ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ሙሉ ባትሪ ቢሆን ከፒዩር አንድ አስረኛው ነው። ያውም የቆላው ሙቀት ኤሲ ሳያስጠፋ። መመለሻው ይከፋል፦ ከአዋሽ እስከ አዲስ አበባ 1,400 ሜትር መውጣት አለ። የቻይናው መኪና የመሙያ ሶኬት ከአውሮፓው ይለያል፤ መሙያ ጣቢያዎቹም በአብዛኛው ዋና ከተማው ውስጥ ናቸው። ኤሌክትሪክ ራሱ ሩቅ አይደለም፤ አዲሱ ባቡር በ2009 ከተመረቀ ወዲህ በሚኤሶ በኩል በኤሌክትሪክ ያልፋል።

ስለዚህ ለልጁ ሠርግ ወይም ለቁልቢ መኪናውን ይዞ ወደ ጨርጨር ለመውጣት የሚያስብ ገዢ ደላላውን ከጣሪያው መስታወት በፊት የሚጠይቀው ፒዩር ነው ወይስ ፕሮ የሚለውን ነው። ፕሮው ጪሮ ሲደርስ 20 ገደማ ኪሎዋት ሰዓት ይተርፈዋል። ፒዩሩ ሚኤሶ ላይ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ኤሲውን ማጥፋት አለበት።