የፌታ ስም የማን ነው? የበጋ ሰላጣ አይብ በሉክሰምበርግ ችሎት

በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ በተለይም በግሪክ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ሙቀት ሲበረታ ምድጃ ሳይለኮስ ለገበታ ከሚቀርቡት ምግቦች አንዱ የሐብሐብና የፌታ ሰላጣ ነው። በደንብ የቀዘቀዘ ሐብሐብ ፍሬው ተለቅሞ በመጠኑ ይቆራረጥና ፌታ የሚባለው ነጭ አይብ በእጅ ተፈርፍሮ ይነሰነስበታል፤ ከዚያም የተቀነጠሰ የናና ቅጠል፣ ጥቂት የወይራ ዘይትና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይታከልበታል። አይቡ በጨው ውሃ ውስጥ የኖረ በመሆኑ ሌላ ጨው አያስፈልገውም፤ ተሠርቶ ከቆየም ጨው የሐብሐቡን ውሃ እየሳበ ስለሚያወጣው ወዲያው መበላት ይኖርበታል።

ከሁለቱ ዋና ግብዓቶች መካከል የሐብሐቡ ትውልድ ብዙ አያከራክርም። የሐብሐብ ዘር በፈርዖን ቱታንኻሙን መቃብር ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ በ2021 እ.ኤ.አ. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ ጣፋጩ ሐብሐብ በሱዳን ኮርዶፋን ከሚበቅለው ነጭ ሥጋ ካለው ሐብሐብ ጋር የቅርብ ዝምድና እንዳለው አሳይቷል። አገሮችን ለዓመታት ያካሰሰው አይቡ ነው።

ፌታ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው አይብ በአሠራሩ ይለያል። የኢትዮጵያው አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ በእሳት ሞቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ፌታ ግን ቅቤው ካልወጣለት ወተት፣ ከግልገል ወይም ከጥጃ ጨጓራ በሚገኝ ማርጊያ (ሬኔት ይባላል) ረግቶ፣ ውሃው ከተንጠፈጠፈለት በኋላ ተቆራርጦ በጨው ውሃ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ወር እንዲበስል የሚደረግ ነው። ስሙን በሚጠብቀው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ወተቱ የበግ መሆን ያለበት ሲሆን የፍየል ወተት ቢቀላቀል እንኳ ከመቶ 30 እጅ ሊበልጥ አይችልም፤ የላም ወተት ፈጽሞ አይገባበትም። ክርክሩን ያስነሳውም ይኸው የላም ወተት ጉዳይ ነው፤ በፈረንሳይ ከ1931፣ በዴንማርክ በ1930ዎቹ፣ በጀርመን ደግሞ ከ1972 ጀምሮ ፌታ በሚለው ስም አይብ ይመረት ነበርና፤ የዴንማርኩም ፌታ በአብዛኛው ከላም ወተት የሚሠራ ነበር።

የአውሮፓ ኅብረት በ1992 ባወጣው ደንብ አንድ ምግብ ጠባዩን ያገኘበት አካባቢ ብቻ በስሙ እንዲጠቀም የሚያስችል ጥበቃ፣ ማለትም የትውልድ ስፍራ ስያሜ፣ ተደነገገ። ግሪክ በዚህ ደንብ ተጠቅማ ፌታን በ1996 ስታስመዘግብ ዴንማርክ፣ ጀርመንና ፈረንሳይ ምዝገባውን በመቃወም ሉክሰምበርግ በሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ፍርድ ቤቱም የኅብረቱ ኮሚሽን በሌሎቹ አገሮች የነበረውን ሁኔታ በበቂ አላጤነም በማለት በ1999 ምዝገባውን ሰረዘው። ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንደገና መርምሮ በ2002 ፌታን ለሁለተኛ ጊዜ ሲመዘግብ ዴንማርክና ጀርመን ዳግመኛ ወደ ችሎት ሄዱ።

የከሳሾቹ መከራከሪያ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። ፌታ የቦታ ስም አይደለም፤ ቃሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቁራጭ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ እንጀራ ወይም እንደ ቅቤ ማንም የሚጠራበት የወል ስም ሆኗል ሲሉ ተከራከሩ። ነገር ግን ደንቡ ራሱ የቦታ ስም ያልሆኑ ነባር መጠሪያዎችንም የሚቀበል በመሆኑ ጥያቄው ስሙ ከየት መጣ ከሚለው ይልቅ፣ ሸማቹ ስሙን ሲሰማ የቱን አገር ያስባል ወደሚለው ዞረ። በዚህ ነጥብ ላይ ዴንማርክን የረታት የገዛ ሕጓ መሆኑ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ የአገሪቱ ሕግ ምርቱን የሚጠራው ፌታ ብሎ ሳይሆን «የዴንማርክ ፌታ» ብሎ ነበርና፣ ፌታ የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም ግሪክን እንደሚያመለክት ፍርድ ቤቱ ከዚህ ተረዳ። ከግሪክ ውጭ የተመረቱት አይቦች ማሸጊያም ብዙውን ጊዜ የግሪክን ባህል በሚያስታውስ መልክ ይቀርብ እንደነበር ተመልክቷል። በኅብረቱ ውስጥ በነፍስ ወከፍ ከሚበላው ፌታ ከመቶ 85 እጅ በላይ የሚሆነው በግሪክ መበላቱም ተጨምሮ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2005 የሁለቱም አገሮች ክስ ውድቅ ሆነ። ስሙ የወል ከሆነ ሥዕሉንና ጌጡን ከግሪክ መዋስ ለምን አስፈለገ ለሚለው ጥያቄ ከሳሾቹ አሳማኝ መልስ ስላልነበራቸው ፍርዱ ተገቢ ነበር ማለት ይቻላል።

የግሪክን ጥንታዊነት ለማስረዳት ዘወትር የሚጠቀሰው ግን ከዚህ የደከመ ማስረጃ ነው። በጥንታዊው የግሪክ ግጥም በኦዲሴይ ዘጠነኛ መጽሐፍ አንድ ዓይናው ግዙፍ ፖሊፌመስ በዋሻው ውስጥ የበግና የፍየል ወተት አርግቶ በተጠለፈ ቅርጫት ሲያጠል ይታያል። ይህ የአይብ ሥራን ጥንታዊነት ያሳያል እንጂ ስለ ፌታ የሚናገረው ነገር የለም፤ የፌታ መለያ የሆነው የጨው ውሃ በዚያ ታሪክ ውስጥ የለምና። ከዚህ የሚሻለው ምስክር በ1494 ወደ ኢየሩሳሌም ሲሳለም በቀርጤስ ደሴት ያለፈው የሚላኑ ቄስ ፒየትሮ ካሶላ ነው። በዚያን ጊዜ በቬኒስ ሥር በነበረችው ደሴት፣ በካንዲያ ከተማ፣ ትልልቅ አይቦች በጨው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉባቸው መጋዘኖች እንዳየና አይቡም እጅግ ጨዋማ እንደነበር ጽፏል። ይሁን እንጂ ቀርጤስ ዛሬ ፌታ ሊመረትባቸው ከተፈቀዱት አካባቢዎች ውስጥ አልተካተተችም፤ የተፈቀደላቸው መቄዶንያ፣ ትራቂያ፣ ኤጲሮስ፣ ቴሳሊያ፣ መካከለኛው ግሪክ፣ ፔሎፖኔዝና የሌስቦስ ደሴት ናቸው።

ከካሶላ በኋላ በነበሩት ዘመናት አይቡ በዋናነት የእረኞች ሥራ ሆኖ ቆየ። እረኞቹ በበጋ ወደ ተራራ፣ በክረምት ወደ ሜዳ ከመንጋቸው ጋር እየተዘዋወሩ ወተቱን እዚያው ያረጉት፣ አይቡንም በእንጨት በርሜል ያኖሩት ነበር። በርሜሉ እስካሁን በአንዳንድ ስፍራ የሚሠራበት ሲሆን በአብዛኛው ግን ቆርቆሮ ተክቶታል።

ክርክሩም በ2005 አልተቋጨም። የዴንማርክ አምራቾች ከኅብረቱ ውጭ ላሉ አገሮች የሚልኩትን አይብ ፌታ ብለው መሸጣቸውን በመቀጠላቸው ጉዳዩ እንደገና ለችሎት ቀርቦ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2022 ዴንማርክ ይህን ባለማስቆሟ ግዴታዋን እንዳልተወጣች ተፈረደ። ለኢትዮጵያውያን የዚህ ዓይነቱ ሙግት እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን የቡና ስያሜዎች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በ2005 አመልክታ፣ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ከተወዛገበች በኋላ በሰኔ 2007 በስያሜዎቹ አጠቃቀም ላይ ከኩባንያው ጋር ተስማምታለች።

እንግዲህ በአውሮፓ ከተሞች ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር አንባቢ ይህን ሰላጣ ለመሥራት አይብ ሲገዛ የማሸጊያውን ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውንም ያንብብ፤ በዚያ የላም ወተት ተብሎ ከተጻፈ በእጁ ያለው ፌታ አይደለም።