ሃምሳ ዓመት የጠበቀ ዋሻ

በኒውዮርክ ከተማ፣ ኢስት ሪቨር ከተባለው ወንዝ ሥር፣ አንድም መንገደኛ ሳያልፍበት ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የቆየ ዋሻ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲጀመር የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበረ ቆፋሪ፣ መንገደኛ የጫነ የመጀመሪያው ባቡር በዚያ ሲያልፍ ለማየት የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት እስኪሆን መጠበቅ ነበረበት። ባቡሩ ያለፈው በጃንዋሪ 25 ቀን 2023 ነው፤ የደረሰበትም ጣቢያ ግራንድ ሴንትራል ማዲሰን ይባላል።

የነገሩ ሥር ያለው በመልክዐ ምድሩ ላይ ነው። በ1834 የተቋቋመው የሎንግ አይላንድ የባቡር መንገድ በምሥራቅ በኩል ካሉት መንደሮችና ከተሞች ሰው እየጫነ ይመጣል፤ የኒውዮርክ እምብርት የሆነችው ማንሃታን ግን በውኃ የተከበበች ደሴት ናት። እስከ 1910 ድረስ መንገደኛው ከወንዙ ማዶ ከባቡር ወርዶ በጀልባ ይሻገር ነበር። በዚያ ዓመት ታላቁ የፔንሲልቬንያ ጣቢያ ተከፍቶ ባቡሩ በወንዙ ሥር መግባት ሲጀምር የጀልባው እንግልት ቀረ። ይሁን እንጂ ጣቢያው የተሠራው በማንሃታን ምዕራባዊ ወገን ነበር። ስለዚህ መሥሪያ ቤቱ በምሥራቅ በኩል የሆነ ሠራተኛ በየማለዳው ከሥራ ቦታው አልፎ ይሄድና፣ እንደገና ወደ መጣበት አቅጣጫ ይመለስ ነበር። ማታም እንዲሁ።

በምሥራቅ በኩል ጣቢያ ጠፍቶ አልነበረም። ግራንድ ሴንትራል እዚያው ቆሞ ነበር፤ ግን የተፎካካሪ ኩባንያ ንብረት ነበርና የሚያስተናግደው ከሰሜን የሚመጣውን መንገደኛ ነው። ያም ጣቢያ የተወለደው ከሐዘን ነው። በጃንዋሪ 1902 በፓርክ አቬኑ ዋሻ ውስጥ፣ ጭስና እንፋሎት የነጂውን ዓይን ጋርዶት አንዱ ባቡር ሌላውን ከኋላ ገጭቶ ቢያንስ 15 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ የእንፋሎት ባቡር ከ1908 ጀምሮ ወደ ማንሃታን እንዳይገባ በሕግ ተከለከለ። ዊልያም ዊልገስ የተባለው መሐንዲስም ባቡሩ በኤሌክትሪክ እንዲነዳ፣ ሐዲዱም በሁለት ደርብ ከመሬት በታች እንዲነጠፍ ሐሳብ አቀረበ። በ1903 የተጀመረው ሥራ፣ የባቡሩ አገልግሎት ሳይቋረጥ፣ በ1913 ተፈጸመ። አሥር ዓመት መሆኑ ነው። ይህችን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

የሎንግ አይላንድን ባቡር ወደ ምሥራቁ ወገን የማምጣት ዕቅድ በ1968 ይፋ ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመትም የወንዙ ዋሻ ሥራ ተጀመረ። ከብረት የተሠሩ ግዙፍ ቱቦዎች በወንዙ ወለል በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ተቀበሩ። ዋሻው ባለ ሁለት ደርብ ነበር፤ የላይኛው ለከተማው የምድር ውስጥ ባቡር፣ የታችኛው ለሎንግ አይላንድ መንገደኞች። ሆኖም በ1975 ከተማዋ ለኪሳራ አፋፍ ደረሰች። ገንዘቡ ነጠፈ፤ ዕቅዱ ታጠፈ። የላይኛው ደርብ እንኳ አገልግሎት መስጠት የጀመረው በ1989 ነው፤ ያም ቢሆን ወንዙን ተሻግሮ ብዙም ሳይርቅ ስለሚያበቃ ሕዝቡ «የትም የማያደርስ ዋሻ» ብሎ ተሳለቀበት። የታችኛው ደርብ ባዶውን ቀረ።

ባዶ መቅረቱ ግን ከንቱ አላደረገውም። ትውልድ ተለውጦ ሐሳቡ እንደገና ሲነሣ፣ ከሁሉ የሚከብደው የወንዙ መሻገሪያ ተሠርቶ ይጠብቅ ነበር። በ2006 የፌዴራሉ መንግሥት 2.6 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ተዋዋለ። ከዚያም ሰርሳሪ መሣሪያዎች የማንሃታንን አለት መብላት ጀመሩ። የቀድሞው ጣቢያና በዙሪያው ያሉት ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች እንዳይናጉ ሲባል አዲሱ ጣቢያ ከ40 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተቆፈረ። እያንዳንዳቸው ከ300 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሁለት አዳራሾች በፈንጂ ተፈለፈሉ። በ2011 አንድ ወጣት ሠራተኛ በዋሻው ውስጥ ከላይ የተናደ ፍርስራሽ ወድቆበት ሞተ።

በገንዘብ የተከፈለውም ቀላል አይደለም። በ1999 በ4.3 ቢሊዮን ዶላር በ2009 ያልቃል የተባለው ሥራ ከ11 ቢሊዮን በላይ ፈጀ። ኒውዮርክ ታይምስ በ2017 ባወጣው ምርመራ፣ የአንድ ማይል ወጪው በሌላው ዓለም ካለው አማካይ ሰባት እጥፍ እንደሆነ ጻፈ። በበጀቱ ከተመዘገቡት 900 ያህል ሠራተኞች ውስጥ የ200ዎቹ ሥራ ምን እንደሆነ ሊያስረዳ የቻለ ሰው እንዳልተገኘም ገለጠ።

በመጨረሻ ጣቢያው ተከፈተ። ስምንት ሐዲዶች አሉት፤ 55 ሜትር ያህል የሚረዝሙ ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች ሰውን ወደ ጥልቁ ያወርዱታል፤ በግድግዳው ላይ የያዮይ ኩሳማና የኪኪ ስሚዝ የሞዛይክ ሥራዎች ተነጥፈዋል። የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ፣ አንዳንዱ መንገደኛ በቀን እስከ 40 ደቂቃ ይተርፈዋል ብሏል። ነገር ግን በ2020 የተነሣው ወረርሽኝ ብዙውን የቢሮ ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ መሥራት አስለምዶት ስለነበር፣ ጣቢያው በሩን የከፈተው ለእርሱ ሲባል የተቆፈረለት ሰው በየቀኑ መመላለሱን በተወበት ወቅት ነው።

አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላሉ። እውነት ነው፤ የ1969ኙ ቆፋሪዎች ያኖሩት እንቁላል በ2023 በእግሩ ሄዷል። ግን ተረቱ እንቁላሉን ለማቀፍ ስንት እንደወጣና ማን እንደከፈለ አይነግረንም። ከላይ ያለው ጣቢያ በአሥር ዓመት ተሠርቶ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ሃምሳ አራት ዓመት ፈጀ። ለዚህ መዘግየት ተጠያቂው አለቱና ወንዙ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። አለቱ በሰርሳሪ መሣሪያ ተበስቷል፤ ወንዙም ገና በዚያን ዘመን ተሻግረውታል። ይበልጥ የከበደው የሰዎች ገንዘብ አያያዝ ነው።

ቢሆንም ለማንኛውም ከተማ የሚተርፍ ቁም ነገር ከዚህ ታሪክ ይገኛል። ገንዘብ ያለቀ ዕለት ዋሻውን ደፍነውት ቢሆን ኖሮ፣ የልጅ ልጆቻቸው ከወንዙ ዳር እንደ አዲስ መጀመር ነበረባቸው። እነዚያ ሰዎች ሥራቸውን መፈጸም አልቻሉም፤ የሠሩትን ያህል ግን በደንብ ሠርተው ትተውት ሄዱ። ተከታዩ ትውልድ ሊወርስ የቻለው በደንብ የተሠራውን ነው፤ የባከነውን ግን ከፈለበት።