የራፕ ግጥም አንድምታ፦ ከብሮንክስ ጭፈራ እስከ ፍርድ ቤት

የራፕ ግጥም በተወለደበት ሰፈር ፈቺ አያሻውም ነበር። ዲጄ ኩል ኸርክ የተባለው የጃማይካ ተወላጅ ኦገስት 11 ቀን 1973 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ፣ በሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 ባለው የመኖሪያ ሕንፃ፣ እህቱ ባሰናዳችው ጭፈራ ላይ ሸክላ አጫወተ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ በተስፋፉት መሰል ጭፈራዎች በማይክሮፎን የሚወረወሩት ቃላት የታዳሚውን ስም፣ የመንደሩን መጠሪያና የሰሞኑን ወሬ የሚያነሱ ስለነበሩ፣ ተናጋሪውና ሰሚው የሚገናኙት ያንኑ ዕውቀት ይዘው ነበር። የፍቺ ጥያቄ የተነሣው ግጥሙ በሸክላ ታትሞ ሰፈሩን ጥሎ ከወጣ በኋላ ሲሆን፣ ግጥሙን የመፍታት ሥልጣን የማን ነው የሚለውም ክርክር ከሙዚቃው ጋር አብሮ አድጓል።

ለዚህ የመጀመሪያው ታላቅ ምሳሌ በ1979 የወጣውና ራፕን ለዓለም ያስተዋወቀው የሹገርሂል ጋንግ «ራፐርስ ዲላይት» ነው። ከሦስቱ ድምፃውያን አንዱ የሆነውና በኒው ጀርሲ ፒዛ ቤት ይሠራ የነበረው ቢግ ባንክ ሃንክ፣ የራሱ ግጥም ስላልነበረው ግራንድማስተር ካዝ ከተባለ የብሮንክስ ራፐር ደብተር ወስዶ አነበነበ፤ ችኮላው ወይም ግዴለሽነቱ ምን ያህል እንደነበር የሚያሳየው ደግሞ የካዝን የመድረክ ስም በፊደል እየቆጠሩ የሚጠሩትን ስንኞች እንኳ ሳይለውጥ እንደ ራሱ ስም አድርጎ መቅዳቱ ነው። ለሩቁ አድማጭ ይህ ተራ ፉከራ ሲሆን፣ ለብሮንክስ ወጣት ግን ሌባው በእጁ የያዘው የሌላ ሰው መታወቂያ ነበር።

ከስርቆት ታሪክ ይልቅ ጠልቆ የሚሄደው ግን ሆን ተብሎ የተሰወረው ቋንቋ ነው። ክላረንስ ሰርቲን ኤክስ የተባለው ሰው ማልኮም ኤክስ ይሰብክበት ከነበረው የሃርለሙ የኔሽን ኦቭ ኢስላም ቤተ ጸሎት ተለይቶ በ1964 የመሠረተው «ፋይቭ ፐርሰንት ኔሽን»፣ ማለትም «የአምስት በመቶው ሕዝብ» የተባለ እንቅስቃሴ፣ ከሰው ልጅ 85 በመቶው በድንቁርና የሚኖር፣ 10 በመቶው እውነቱን አውቆ የሚበዘብዝ፣ ቀሪው 5 በመቶ ደግሞ አውቆ የሚያስተምር ነው ብሎ ያስተምራል። ተከታዮቹ ለእያንዳንዱ አኃዝ ፍቺ ይሰጣሉ፤ 1 ዕውቀት፣ 2 ጥበብ፣ 3 ማስተዋል፣ 7 አምላክ ሲሆኑ፣ ዜሮ ደግሞ «ሳይፈር» ማለትም ምሉዕ ክብ ነው፤ ራፐሮች ተራ በተራ ለመግጠም ክብ ሠርተው የሚቆሙበት ሥርዓትም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። በካርታቸው ሃርለም መካ፣ ብሩክሊን መዲና ነው። ራኪም፣ ብራንድ ኑቢያን እና የዉ-ታንግ ክላን አባላት ይህንን ትምህርት በግጥማቸው ስለረጩት፣ አንድ ራፐር መዲናን ሲያነሳ ዓረቢያን የሚያስብ አድማጭ ከመነሻው መንገድ ስቷል። የቅኔ ቤት ተማሪ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እንደሚፈልግ ሁሉ፣ የራፕ አድማጭም ከዚህ ትምህርት ጥቂቱን ሳያውቅ የዘመኑን ግጥም ግማሽ ይስታል ማለት ማጋነን አይሆንም።

ፍቺ የሚሻው ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ሳምፕል፣ ማለትም ከቀደመ ሙዚቃ ተቆርጦ በአዲስ ሥራ ውስጥ የሚገባ ቅንጫቢ፣ ራሱን የቻለ ጥቅስ ነው። ራፐሩ ናስ እና የቦብ ማርሌይ ልጅ ዴሚየን ማርሌይ በ2010 ባወጡት «ዲስታንት ሬላቲቭስ» አልበም መክፈቻ ላይ የሚሰማው የሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ነው። ይህን ዜማ ብዙው ምዕራባዊ አድማጭ በ2005 ከወጣው የጂም ጃርሙሽ ፊልም «ብሮክን ፍላወርስ» ሲያስታውሰው፣ የኢትዮጵያዊው ጆሮ ግን የአልበሙን ርእስ፣ ማለትም የሩቅ ዘመዳሞችን ነገር፣ ከመጀመሪያዎቹ ኖታዎች ይፈታዋል።

የፍቺው ጉዳይ ከጨዋታ ወጥቶ የነጻነት ጥያቄ የሆነው በ1990 ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። አንድ የፌዴራል ዳኛ ቱ ላይቭ ክሩ የተባለውን የራፕ ቡድን አልበም ጸያፍ ነው ብሎ ከፈረደ ከጥቂት ቀናት በኋላ የቡድኑ አባላት በመድረክ በማቀንቀናቸው ተያዙ፤ ኦክቶበር ላይም ፎርት ሎደርዴል ከተማ ውስጥ በጁሪ፣ ማለትም ከተራ ዜጎች በተውጣጡ ፈራጆች ፊት ቀረቡ። ተከላካዮቹ በምስክርነት ያቆሙት «ዘ ሲግኒፋይንግ መንኪ» በተሰኘው የ1988 መጽሐፉ የታወቀውን የሥነ ጽሑፍ ምሁር ሄንሪ ሉዊስ ጌትስን ነበር። ጌትስ ያስረዳው ግጥሞቹ ሲግኒፋይንግ ከሚባለው፣ ማለትም ጥቁር አሜሪካውያን በማጋነን፣ በሽሙጥና በዘወርዋራ ከሚናገሩበት የቆየ ልማድ የተቀዱ መሆናቸውን ነው። የዚሁ ልማድ አካል የሆነው «ደዝንስ» ሁለት ሰዎች በተመልካች ፊት፣ በተለይ የእናትን ስም እያነሡ፣ ስድብ የሚቀባበሉበትና ቀድሞ የተቆጣው የሚሸነፍበት ጨዋታ ነው፤ በዚህ ጨዋታ ስድቡን እንዳለ የሚወስድ ሰው ሕጉን አያውቅም። በፖሊስ የተቀዳው ካሴት በችሎት ሲደመጥ ፈራጆቹ መሳቅ ይፈቀድልን እንደሆነ ዳኛዋን መጠየቃቸው የጌትስን ማስረጃ ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ያጠናከረው ይመስላል፤ ተከሳሾቹም ነጻ ወጡ። ይሁንና ከሳምንታት በፊት በዚያው አውራጃ አልበሙን የሸጠ የሙዚቃ ቤት ባለቤት በሌላ ጁሪ ጥፋተኛ ተብሎ ነበር። በ1992 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ዳኛ ውሳኔ የሻረው፣ ዳኛው ሙዚቃውን በማዳመጥ ብቻ ኪነ ጥበባዊ ዋጋ የለውም ብሎ ሊደመድም አይችልም በማለት ነው፤ ይህም ለራፕ ፈቺ ያስፈልገዋል ብሎ በሕግ የመፍረድ ያህል ነበር።

የጽሑፍ ማብራሪያዎች ዘመን ዘግይቶ መጣ። በ2009 የተጀመረውና ኋላ «ጂኒየስ» የተባለው የግጥም ማብራሪያ ድረ ገጽ መጀመሪያ የያዘው ስም ከቅዱሳት መጻሕፍት ትርጓሜ የተወሰደ ነበር፤ በ2010 ራፐሩ ጄይ-ዚ «ዲኮድድ» በሚል መጽሐፉ የራሱን ግጥሞች በግርጌ ማስታወሻ ፈታ፤ በዚያው ዓመት የዬል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያወጣው ግዙፍ የራፕ መድበል ግን ግጥሞቹን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ሲገለብጥ በሠራቸው ስህተቶች ክፉኛ ተተቸ።

አንድምታ ለአንድ ንባብ «አንድም» እያለ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ ይደርባል፤ የራፕ ግጥምን በማስረጃነት የሚያቀርብ ዐቃቤ ሕግ ግን የሚፈልገው አንዱን፣ ያውም ሰሙን ነው። በኒው ጀርሲ በግድያ ሙከራ በተከሰሰ ሰው ላይ እርሱ የጻፋቸው 13 ገጽ የራፕ ግጥሞች ለጁሪ ተነብበው ከተፈረደበት በኋላ፣ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ፍርዱ በይግባኝ መሻሩን ሲያጸና፣ ቦብ ማርሌይ ሸሪፍ ስለመግደል ስለዘፈነ ገዳይ ነው፣ ኤድጋር አለን ፖም በልብ ወለዱ እንደተረከው ሰው ከወለል በታች ቀብሯል የሚል እንደሌለ አስታወሰ። ካሊፎርኒያም በ2022 ግጥምን በማስረጃነት ማቅረብን የሚገድብ ሕግ አጸደቀች። በጆርጂያ ግን በራፐሩ ያንግ ተግ ላይ በተመሠረተው ክስ ዳኛው በኖቬምበር 2023 ቢያንስ 17 የግጥም ክፍሎች ሊቀርቡ እንደሚችሉ ወሰኑ፤ ዐቃቤ ሕጉ በግጥሞቹ ውስጥ የወሮበላ ቡድን ሥራ ሲያነብ፣ የተከሳሹ ጠበቃ ተከሳሹ የተሳተፈበትን የታወቀ ዘፈን ርእስ መልካም ነገርን ማስፋፋት፣ የመድረክ ስሙንም በአምላክ ፊት ትሑት መሆን ብለው ለጁሪ ተረጎሙት። ያንግ ተግ በኦክቶበር 2024 በተወሰኑት ክሶች ጥፋተኝነቱን አምኖ በአመክሮ ስለተለቀቀ፣ በእርሱ ጉዳይ ከሁለቱ ፍቺዎች አንዱንም ጁሪው ሳይዳኝ ቀርቷል።