ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ማን ይከፍተዋል? የ«ፍቅር ደብዳቤው» ቫይረስ እና የአንዲት ትንሽ ምርጫ ታሪክ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2000)። ከፊሊፒንስ የተነሳ አንድ ኢሜይል በእስያ ቢሮዎች አልፎ አውሮፓ ገባ፤ አሜሪካውያን ሥራ ሲገቡም ጠብቆ አገኛቸው። ርዕሱ «እወድሃለሁ» ወይም «እወድሻለሁ» የሚል ነው። ላኪው ደግሞ እንግዳ ሰው አይደለም፤ አለቃ፣ የሥራ ባልደረባ፣ አንዳንዴም የድሮ ጓደኛ ነው። ከሥሩ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስል ፋይል ተያይዟል። ሰው ነውና ማን ይሆን ብሎ ከፈተው።

በዚያው ቀን የእንግሊዝ ፓርላማ የኢሜይል አገልግሎቱን ዘጋ። ፔንታጎንም፣ ፎርድን የመሳሰሉ ግዙፍ ኩባንያዎችም መስመራቸውን ለማቋረጥ ተገደዱ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ተለከፉ፤ ኪሳራውም በቢሊዮን ዶላር ተገመተ።

በወቅቱ የዓለም ጋዜጦች ሁለት ጥፋተኞችን ጠቆሙ። አንደኛው ቫይረሱን የጻፈው ወጣት፣ ሁለተኛው «ያልተጠነቀቀው» ተጠቃሚ። ሦስተኛው ግን በአብዛኛው ታለፈ። እሱም ፋይሉ ሲነካ የትኛው ፕሮግራም እንደሚከፍተው አስቀድሞ የወሰነው አካል ነው።

▪️ ለመሆኑ ፋይል ሲነካ ማን ይወስናል?

ስክሪፕት ማለት ተራ ጽሑፍ ነው። ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዛት የተጻፉበት ወረቀት በሉት። ይህን ወረቀት ኖትፓድ ሲከፍተው ፊደል ብቻ ይታያል፤ ማንም አይጎዳም። ያው ወረቀት ትእዛዝ ፈጻሚ ለሆነ ፕሮግራም ሲሰጥ ግን የተጻፈው ሁሉ ይፈጸማል፤ አጥፋ ካለ ያጠፋል፣ ላክ ካለ ይልካል። ልዩነቱ ያለው ወረቀቱን በሚቀበለው እጅ ላይ ነው።

ይህን እጅ የመምረጡ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አለው። በ1970ዎቹ ሲፒ/ኤም የተባለው ሲስተም ፋይልን ከነጥብ በኋላ በሚመጡ ሦስት ፊደላት ይለይ ነበር። በ1981 የወጣው የማይክሮሶፍት ዶስም ይህንኑ ወረሰ። በዶስ ዘመን ግን ተጠቃሚው ፕሮግራም የሚያስነሳው ስሙን በእጁ ጽፎ ነው፤ ምን እያዘዘ እንደሆነ ያውቃል።

ሌሎች ሌላ መንገድ መርጠዋል። በዩኒክስ አንድ ፋይል እንዲፈጸም በቅድሚያ «መፈጸም ይችላል» የሚል ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል፤ የስም ቅጥያ ብቻውን ሥልጣን አይሆንም። በ1984 የወጣው ማኪንቶሽ ደግሞ የፋይሉን ዓይነትና የፈጠረውን ፕሮግራም ከስሙ ለይቶ በስውር ኮድ ይመዘግብ ነበር። ማለትም አማራጭ አልጠፋም።

ማይክሮሶፍት በነሐሴ 1995 (እ.ኤ.አ.) ዊንዶውስ 95ን ሲያወጣ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ አመጣ። አንደኛ፣ የትኛው ቅጥያ በየትኛው ፕሮግራም እንደሚከፈት ሬጅስትሪ በተባለው መዝገብ አሰፈረ፤ ተጠቃሚው ማውሱን ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ «ለዓይን እንዲያምር» በሚመስል ሁኔታ የታወቁ ቅጥያዎችን ከስሙ ላይ ደበቀ። ውሳኔው ሁሉ በቅጥያው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ቅጥያው ራሱ ከተጠቃሚው ዓይን ተሰወረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1998፣ ዊንዶውስ 98 ዊንዶውስ ስክሪፕት ሆስት የተባለውን ፈጻሚ ይዞ መጣ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የቢሮ ኮምፒውተሮችን የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ተደጋጋሚ ሥራቸውን በስክሪፕት እንዲያቃልሉ ታስቦ ነው። ነገር ግን ቪቢኤስ የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ሁለት ጊዜ ሲጫኑት እንዲፈጸም ተደረገ። ማንበብ የፈለገ በቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «አርትዕ» የሚለውን መፈለግ ነበረበት። ለጥቂት ሺህ ባለሙያዎች የተሠራ መሣሪያ፣ ምን እንደሆነ እንኳ በማያውቁ የጸሐፊዎች፣ የመምህራንና የሒሳብ ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ጥይቱን ጎርሶ ተቀመጠ።

▪️ የፍቅር ደብዳቤው

የቫይረሱ ጸሐፊ ያደረገው ይህንን ክፍተት ማየት ብቻ ነው። ፋይሉን ሁለት ቅጥያ ሰጠው። የመጀመሪያው ቲኤክስቲ፣ ማለትም ተራ ጽሑፍ ነው፤ የመጨረሻው ቪቢኤስ ነው። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ሲደብቀው የሚታየው «ጽሑፍ» የሚለው ብቻ ይሆናል። ሰዎች ደብዳቤ የሚያነቡ መሰላቸው፤ ኮምፒውተሩ ግን ትእዛዝ ይፈጽም ነበር።

ትእዛዙም በአውትሉክ የአድራሻ መዝገብ ውስጥ ላሉት ሁሉ ራሱን መላክ ነበር። ከዚያም የፎቶ ፋይሎችን በራሱ ቅጂ ይተካል፤ የፎቶውን የቀድሞ ስም ሳይነካ ከጫፉ ላይ ቪቢኤስ ይጨምርበታል። ባለቤቱ የልጁን ፎቶ እከፍታለሁ ሲል ቫይረሱን እንደገና ያስነሳል። በተጨማሪም የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ሌላ ፕሮግራም ከኢንተርኔት ለማውረድ ይሞክራል።

ምርመራው ማኒላ ደረሰ። ኦኔል ደ ጉዝማን የተባለ የኮምፒውተር ኮሌጅ ተማሪ ተጠረጠረ። ወጣቱ ቀደም ሲል የኢንተርኔት የይለፍ ቃል ስለመስረቅ የመመረቂያ ጽሑፍ ሐሳብ አቅርቦ ኮሌጁ ውድቅ አድርጎበት ነበር። ሆኖም በፊሊፒንስ ቫይረስ መጻፍን ወንጀል የሚያደርግ ሕግ አልነበረም። በሰኔ 2000 (እ.ኤ.አ.) የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ ጸደቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ ሕግ ወደኋላ ተመልሶ አይሠራምና በነሐሴ ወር ክሱ ተቋረጠ። ደ ጉዝማን ከ20 ዓመት በኋላ በማኒላ ስልክ በሚጠገንበት አነስተኛ ሱቅ ውስጥ ሲሠራ ጂኦፍ ዋይት የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ አገኘው። ቫይረሱን የጻፈው እሱ መሆኑን አመነ፤ ምክንያቱም ለኢንተርኔት የሚከፍለው ገንዘብ ስለሌለው የሰው የይለፍ ቃል ለመጠቀም እንደነበር ተናገረ።

ጥፋቱ ጥፋት ነው። ድህነትም የሰውን ንብረት ለማውደም ፈቃድ አይሰጥም። ነገር ግን የአንድ ተማሪ ጥቂት መስመሮች ፔንታጎንን ያንኳኩት በተማሪው ብርታት ብቻ አይደለም። በሩን ከፍቶ የተወው ሌላ ነው።

▪️ የዘገየው እርምት

በዚያ ሳምንት የኮምፒውተር ባለሙያዎች እርስ በርስ የተለዋወጡት ምክር አስገራሚ በሆነ መልኩ ቀላል ነበር። ወደ ፋይል ዓይነቶች ማስተካከያ ግባ፤ ቪቢኤስ የሚለውን ፈልግ፤ የሚከፍተውን ፕሮግራም ከስክሪፕት ሆስት ወደ ኖትፓድ ቀይር። ይህን አስቀድሞ ያደረገ ሰው የፍቅር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ሲጫነው የሚያየው የፕሮግራም ጽሑፍ ብቻ ነበር። ለመላው ዓለም ራስ ምታት የሆነው ነገር በአንዲት መስመር ለውጥ ይከሽፍ ነበር ማለት ነው።

ማይክሮሶፍት በተከታዩ ወር አውትሉክ አደገኛ ቅጥያ ያላቸውን አባሪዎች እንዲያግድ አደረገ። በጥር 2002 ቢል ጌትስ ለሠራተኞቹ በጻፈው ማስታወሻ፣ አዲስ አገልግሎት በመጨመርና ደኅንነትን በማስጠበቅ መካከል ምርጫ ሲመጣ ደኅንነት ይቅደም አለ። ትልቁ ምስክር ግን በ2006 የመጣው ፓወርሼል ነው። የፓወርሼል ስክሪፕት ሁለት ጊዜ ሲጫኑት አይፈጸምም፤ በኖትፓድ ይከፈታል። ኩባንያው በ1998 የተሳሳተውን በ2006 በተግባር አመነ። ቪቢስክሪፕትን ቀስ በቀስ ከዊንዶውስ እንደሚያስወጣ ያስታወቀው ግን በ2023 ነው። አንድ ትንሽ ምርጫ ለመታረም ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ።

▪️ ነገሩ አላለፈም

በሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ይኸው ታሪክ በቴሌግራም ደጃፍ ተደገመ። የዊንዶውሱ ቴሌግራም፣ ሲከፈቱ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥባቸው የአደገኛ ቅጥያዎች ዝርዝር አለው። በዝርዝሩ ውስጥ የአንድ የፓይተን ፋይል ቅጥያ ፊደላት ተሳስተው ተጽፈው ተገኙ። ስለዚህ ፓይተን በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ፣ ቪዲዮ መስሎ የተላከ ስክሪፕት ያለ ማስጠንቀቂያ ይነሳ ነበር። ድርጅቱ ችግሩ የሚነካቸው ተጠቃሚዎች ከመቶ 0.01 በታች ናቸው ብሎ ወዲያው አስተካከለ። ያም ሆኖ ለዘመናት የሚሠራው ተንኮል አንድ ነው፤ ስሙን አስመስሎ፣ የሚከፍተውን እጅ መጠቀም።

«ሰው ይጠንቀቅ» ማለት ቀላል ነው። መጠንቀቅ የሚቻለው ግን የሚታየውን ነው። የተደበቀን ቅጥያ ተጠንቀቅ ማለት ዓይኑ የተሸፈነን ሰው ገደል አትግባ እንደማለት ይሆናል። ብዙው ሰው ማስተካከያውን በዕድሜው አይነካም፤ ፋብሪካው እንደሰጠው ይጠቀማል። ስለዚህ ከፋብሪካ የሚመጣው ምርጫ ምርጫ ሳይሆን ሕግ ነው። ሕጉን የሚያወጣው ደግሞ ማንም ያልመረጠው መሐንዲስ ነው።

እስከዚያው ድረስ ሁለት ነገሮች በተጠቃሚው እጅ ናቸው። የመጀመሪያው በዊንዶውስ የፋይል ማሳያ ላይ ቅጥያዎች እንዲታዩ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ቪቢኤስና ጄኤስ ፋይሎች ሁልጊዜ በኖትፓድ እንዲከፈቱ መምረጥ ነው። ስክሪፕት በእርግጥ የሚያስፈልገው ባለሙያ በትእዛዝ መስመር አስቦበት ማስነሳት ይችላል፤ የሚቀረው በስሕተት መነሳቱ ብቻ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር የሚያስተዳድሩ ሰዎች ይህንን ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማድረግ ይችላሉ። በ1992 ዓ.ም. ያንን የፍቅር ደብዳቤ የከፈቱት ሚሊዮኖች ሞኞች አልነበሩም። ወረቀቱን ለማን እንደሚሰጡ የጠየቃቸው አልነበረም።