ዝም ያለው መሪ፦ የኃይል መላሽ ጆይስቲክ መነሣትና መውደቅ

በ1997 (ዘመናቱ በሙሉ፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማይክሮሶፍት “ሳይድዋይንደር ፎርስ ፊድባክ ፕሮ” የተባለ ጆይስቲክ ለገበያ አቀረበ። ዋጋው 150 ዶላር ገደማ ነበር፤ በዛሬው የዶላር አቅም ሲታሰብ ወደ 300 ይጠጋል። በሰፊውና በከባዱ መቀመጫ ውስጥ ሞተሮች ተቀብረዋል። እጀታው ላይ ያለው የብርሃን መለያ እጅ መኖሩን ካላረጋገጠ ሞተሮቹ አይሠሩም። ተጫዋቹ እጀታውን ሲጨብጥ ግን ዕቃው ነፍስ ይዘራል፦ በስክሪኑ ላይ ያለው አውሮፕላን ሲፈጥን መሪው ይከብዳል፣ ሲዘገይ ይላላል፣ ክንፉ አየሩን መሸከም ሊያቅተው ሲቃረብ ይንቀጠቀጣል። በ2000 የተሻሻለው ሁለተኛው ሞዴል ተከተለ። በ2003 ኩባንያው ከዚህ የምርት መስመር ወጣ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት የቤት ውስጥ በረራ አፍቃሪዎች ያገለገሉ ሳይድዋይንደሮችን እያደኑ፣ እየጠገኑና እየተሻሙ ኖረዋል። የሚሠራ፣ የሚወደድና ዋጋው የሚቀመስ ዕቃ ከገበያ የጠፋው ለምንድን ነው?

መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል። ተራ ጆይስቲክ በውስጡ ሞላ አለው፤ እጅ ሲለቀው ወደ መሐል ይመለሳል። ሞላው አውሮፕላኑ መሬት ላይ ይቁም ወይም በከፍተኛ ፍጥነት ቁልቁል ይወርወር የሚያውቀው ነገር የለም፤ ተቃውሞው ሁልጊዜ አንድ ነው። መሪው በሽቦ ገመድ ከክንፉና ከጅራቱ ጋር በተያያዘበት አውሮፕላን ግን አብራሪው የሚገፋው አየሩን ራሱን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓኑ ዜሮ በዝቅተኛ ፍጥነት እንደልብ የሚታዘዝ ሲሆን፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ግን መሪው እጅግ ይከብድ ነበር። የአሜሪካ አብራሪዎች ይህን ሲረዱ ውጊያውን ወደ ከፍተኛ ፍጥነት መውሰድን መረጡ። እንዲህ ያለው ታሪክ በሞላ ጆይስቲክ ሲጫወቱት ትርጉሙ ግማሽ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ልዩነቱ የሚታየው “ትሪም” በሚባለው አሠራር ላይ ነው። አብራሪ መሪውን ለሰዓታት እየገፋ ወይም እየሳበ መብረር አይችልም፤ ስለዚህ የጅራቱን አቀማመጥ በማስተካከል በእጁ ላይ ያለውን ጫና ወደ ዜሮ ያወርዳል። መሪው እንደ ተገፋ ባለበት ይቆያል፤ የሚጠፋው ክብደቱ ነው። በሞላ ጆይስቲክ ይህ አይቻልም፤ የሞላው ማዕከል ቋሚ ነውና። ተጫዋቹ ትሪሙን እያስተካከለ እጁን ወደ መሐል መመለስ አለበት፤ ይህም ከእውነተኛው በረራ ጋር ተቃራኒ የሆነ ልማድ ነው። ኃይል መላሽ ጆይስቲክ ግን ማዕከሉን ራሱን ያንቀሳቅሳል። አፍቃሪዎቹ ሌላውን መንቀጥቀጥ ሁሉ እንደ ቅመም፣ ይህን ግን እንደ እንጀራው የሚቆጥሩት ለዚህ ነው።

የትሪም ክብደት ከጨዋታ ውጭም ጉዳይ መሆኑን የኢትዮጵያ አንባቢ በመራራ መንገድ ያውቀዋል። በቦይንግ 737 ላይ በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ያሉት የትሪም መሽከርከሪያዎች በሽቦ ገመድ ከጅራቱ አግድም ክንፍ ጋር የተያያዙ ናቸው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሣው የበረራ ቁጥር 302 አብራሪዎች፣ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የሚገፋውን ሥርዓት ለማስቆም የኤሌክትሪክ ትሪሙን ዘግተው በእጅ ለማዞር ሞከሩ፤ ረዳት አብራሪው እንደማይሠራ ተናገረ። አውሮፕላኑ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ነበር፤ በጅራቱ ላይ ያረፈው የአየር ጫናም በዚያው ልክ ከባድ ነበር። 157 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ከሁለት ወር በኋላ ቦይንግ የ737 ማክስ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር እርማት እንዳስፈለገው አመነ። እንደ ተዘገበው፣ ጉድለቱ በእጅ ለሚዞረው የትሪም መሽከርከሪያ የሚያስፈልገውን ኃይል በትክክል አለማሳየቱ ነበር። ይህ ለአደጋው መንስኤ ነው ማለት አይደለም፤ መንስኤው ሌላና ከዚህ የሰፋ ነው። ነገር ግን በሚሊዮኖች ዶላር በሚገዛ መሣሪያ ላይ እንኳ ዓይን የሚያየው ተሟልቶ እጅ የሚሰማው ሊጎድል እንደሚችል ያሳያል። በቤት ገበያ የሆነው ደግሞ ይኸው ነው።

የቤቱ ታሪክ የሚጀምረው ከወታደራዊ ምርምር ነው። ሉዊስ ሮዘንበርግ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አየር ኃይል ቤተ ሙከራ፣ ሰው በሩቅ ያለን ማሽን ሲያንቀሳቅስ የሚሰማው ኃይል ሥራውን እንዴት እንደሚያግዘው አጠና፤ በ1993 ኢመርሽን የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። ኢመርሽን ከዕቃ ሽያጭ ይልቅ በፓተንት ክምችትና በፈቃድ ክፍያ ላይ የቆመ ድርጅት ሆነ። ማይክሮሶፍት በበኩሉ በ1996 ኤክሶስ የተባለ ኩባንያ ገዛ፤ በ1997 ደግሞ በዳይሬክትኤክስ 5 አማካይነት ሞላን፣ ሰበቃን፣ ንዝረትንና የማያቋርጥ ግፊትን ለጨዋታ ሠሪዎች የሚያቀርብ የጋራ የሶፍትዌር ቋንቋ አወጣ። ዕቃውም ቋንቋውም በአንድ ዓመት ተወለዱ።

በአፍቃሪዎቹ ዘንድ የተለመደው ማብራሪያ ፓተንቱ ዕቃውን ገደለው የሚል ነው። ማስረጃም አያጣም። ኢመርሽን በ2002 ሶኒንና ማይክሮሶፍትን ከሰሰ። ማይክሮሶፍት በ2003 በ26 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ፤ ሳይድዋይንደርን የተወውም በዚያው ዓመት ነው። ሶኒ እስከ 2007 ተከራከረ፤ በመካከሉ በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 ንዝረት በሌለው መጫወቻ ነበር ለገበያ የቀረበው። የቀኖቹ መገጣጠም ዓይን ይስባል። ሆኖም ክሱ ያተኮረው በኮንሶል መጫወቻዎች ንዝረት ላይ እንጂ በበረራ ጆይስቲክ ላይ አልነበረም።

ይህን ማብራሪያ የሚያፈርሰው ደግሞ የመኪና መሪው ነው። ኃይል መላሽ የመኪና መሪዎች በዚያው የፓተንት ዘመን፣ በዚያው የፈቃድ ሥርዓት ሥር ሲሸጡ ኖረዋል፤ ሎጂቴክ በ2001 ለግራን ቱሪዝሞ 3 የተዘጋጀውን፣ በ2006 ደግሞ ጂ25ን አቀረበ። የፈቃድ ክፍያ ዋጋ ያስወድዳል፤ ብቻውን ግን ገበያ አይዘጋም። ልዩነቱ ያለው በተጓዳኙ ምርት ላይ ነው። ግራን ቱሪዝሞ 3 ከ14 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሽጧል፤ ከገዢዎቹ ጥቂት በመቶው መሪ ቢሻ እንኳ ፋብሪካ ያስከፍታል። የበረራ ጨዋታ ግን በ1990ዎቹ ከነበረው ስፍራ እየወረደ ነበር። ማይክሮሶፍት ራሱ በጥር 2009 የፍላይት ሲሙሌተር ሠሪዎቹን ስቱዲዮ ዘጋ።

ገበያ ሲጠብ ሁለት ወገኖች እርስ በርስ ይጠባበቃሉ። ጨዋታ ሠሪው ጥቂት ሰው ለያዘው ዕቃ የኃይል ስሌት ለመጻፍ ገንዘብ አያወጣም፤ ዕቃ ሠሪው ደግሞ ጨዋታዎች በአግባቡ የማይደግፉትን ሞተር አይገዛም። በዚህ ላይ ኃይል በማስታወቂያ ምስል አይታይም፤ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው የአዝራሮቹ ብዛት ነው። በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር የመጣው አዲሱ የማይክሮሶፍት ሥርዓት የሚያውቀው ንዝረትን ብቻ ነበር፤ የ1997ቱ ቋንቋ ባለበት ቀረ። ሎጂቴክ በ2009 ጂ940ን ይዞ አንድ ጊዜ ሞከረ፤ በማዕከሉ ዙሪያ ባለው የሞተር ድክመት ብዙ ቅሬታ ደረሰበት፣ ተተኪም አልወጣለትም። ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ገበያውን ሊያነቃ ይችል የነበረው ዕቃ ለተጠራጣሪዎቹ ማስረጃ ሆነ።

ያም ሆኖ አሮጌው ቋንቋ ከዊንዶውስ አልተነቀለም። እንደ ዲሲኤስ ወርልድ ያሉ ጨዋታዎችም ድጋፋቸውን ቀጠሉ፤ በተለይ ሄሊኮፕተር የሚያበሩት ተጫዋቾች ያለ እርሱ መኖር አይሹም። የስዊዘርላንዱ ብሩነር ለሥልጠና ተቋማት ውድ ዕቃዎችን ማምረቱን አላቆመም። በ2020ዎቹ ደግሞ ቪፒፎርስ የተባለ አነስተኛ አምራች በጥቂት በጥቂቱ እየሠራ፣ ገዢውን ወረፋ እያስጠበቀ መሸጥ ጀመረ። ቀጥሎ የመኪና መሪ በመሥራት የሚታወቀው የቻይናው ሞዛ ኤቢ9ን አመጣ። ለመኪና መሪ የተሠሩት ሞተሮችና የሞተር መቆጣጠሪያዎች ረክሰዋል፣ ቀዳሚዎቹ ፓተንቶችም ጊዜያቸው አልፏል፤ ኤቢ9 ለገበያ ሲቀርብ ግን የእጀታው ማስቀመጫ ብቻውን ከ500 ዶላር በላይ ነበር። የ1997ቱ ገዢ እጀታውንም ሞተሩንም በአንድ ሣጥን ተረክቦ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።